የፈቃደ አቤት

ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ፈቃደን የማያውቅ አልነበረም። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል፤ ልቡ ግን የአራት ዓመት ልጅ ልብ ነው። ውሃ ቅዳ ቢሉት እንስራውን እንደተሸከመ ቢራቢሮ ተከትሎ ይሄዳል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሲጠሩት ዞር አይልም። ደንቆሮ እንዳይባል የልደታ ደወል ሲደወል ቀድሞ የሚዘለው እሱ ነው። «ፈቃደ» ማለት እሱ መሆኑ ብቻ አልገባውም።

በደጉ ጊዜ ይህ የሰፈሩ ሣቅ ነበር። ጣልያን ከተማውን ከያዘ ወዲህ ግን የሚያስቅ ነገር አልቀረውም። ሐምሌ ላይ ፈቃደ ወደ ወታደሮቹ ኬላ ሲያዘግም እናቱ እትዬ ሀረገወይን አይተው ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ተጣሩ። ዝም ብሎ ሄደ። ዘበኛው በሰደፍ መትቶ ሁለት የፊት ጥርሱን አረገፈው።

ያን ጊዜ ነው ጎረቤታቸው ቦሰና «እኔ ላስተምረው» ያለችው። ጥጥ ፈትላ የምታድር ብቸኛ ሴት ናት፤ ማንም አልለመናትም። «አላርፍ ያለች ጣት...» ብለው ጀመሩ ጎረቤቶቿ፤ ጫፉን ሁሉም ያውቀዋል። እነሱ ምን ያውቃሉ! ቦሰና ሎሚ የምትባል እንደ ፈቃደ ያለች ታናሽ እህት ነበረቻት። ቤተሰቡ ሰው እንዳያያት ጓዳ ዘግቶባት እዚያው ሞተች። ቦሰና አንድ ቀን እንኳ እህቷን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ ይህ ሲቆጫት ይኖራል።

በየጠዋቱ ፈቃደን ደጃፏ ታስቀምጠውና ወደ ጓሮ ዞራ «ፈቃደ!» ትላለች። መልስ የለም። ትመለስና እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ፣ «አንተ እኮ ነህ። ‹አቤት› በል» ትለዋለች፤ ቆሎ መዳፉ ላይ ጠብ ታደርግለታለች። ክረምቱ አለፈ፣ መስቀልም አለፈ፤ ቆሎው አለቀ እንጂ ትምህርቱ አልገባም። ሰዉ ሲስቅባት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትልና እንዝርቷን ታሾራለች።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከጓሮ ሆና ጠራችው።

«አቤት!»

ሮጦ መጣና መዳፉን ዘረጋ። ቦሰና ቆሎውን መስጠት ረስታ አለቀሰች። እትዬ ሀረገወይን ያን ቀን ልጃቸውን ሃያ ጊዜ ጠሩት፤ ሃያ ጊዜ አቤት አላቸው። «ቦስዬ፣ ልጄን የወለድኩት ገና ዛሬ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ የትም ይሁን፣ ማንም ይጥራው፣ ፈቃደ ስሙን ከሰማ «አቤት!» ብሎ ይመጣል።

የካቲት አሥራ ሁለት ቀን በጣልያኑ ሹም ላይ ቦምብ ተጣለ ተባለ፤ ከተማው እሳት ሆነ። በማግስቱ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የጣልያን ወታደሮች ልደታ ደረሱ፤ ጎጆውን ያነዳሉ፣ ያገኙትን ይገድላሉ። ቦሰና እናትና ልጁን ይዛ ከሰፈሩ በታች ወዳለው ፈፋ ወረደች። ሌሎችም ቀድመዋቸው ነበር። ፈቃደን መሐላቸው አድርገው ከቁጥቋጦ ሥር ተኙ። «ዝም በል» አለችው፤ ዝም አለ። ዝምታማ የኖረበት ነው።

ከአፋፉ ላይ የወታደሮቹ አስተርጓሚ ድምፅ ተሰማ። የገዛ ወገናችን ነው፤ ስሙን መጥራት አፌን ያቆሽሸዋል። ሰው መደበቁን ያውቃል፤ የት እንደተደበቀ ግን አያውቅም። ስለዚህ አፉ ላይ የመጣለትን ስም ሁሉ ይጣራል።

«አስፋው! በድሉ! ጴጥሮስ! ውጡ፣ ምንም አትሆኑም!»

ፈፋው ውስጥ አስፋውም በድሉም ነበሩ። ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«ፈቃደ!»

ቦሰና አፉን ልታፍን እጇን ሰነዘረች፤ ፊቱ ግን በርቶ፣ ብድግ ብሎ ነበር። ጋቢውን ጨበጠችው። ጋቢው እጇ ላይ ቀረ።

«አቤት!» አለ ፈቃደ፣ ጥርት አድርጎ፣ ልክ እንዳስተማረችው። መዳፉን ዘርግቶ አቀበቱን ሮጠ።

ሁለት ጥይት ተተኮሰ። ወታደሮቹ ፈፋው ድረስ አልወረዱም፤ እሱ በቃቸው።

ቦሰና ከቀብሩ ወዲያ በሯን ዘግታ እርግማን ጠበቀች። ሐምሌ ላይ አርፋ ጥጧን ብትፈትል ኖሮ ፈቃደ ዛሬም ቢራቢሮ ይከተል ነበር፤ ይህን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። በሰባተኛው ቀን እትዬ ሀረገወይን ከአጥሩ ውጭ ቆመው «ቦሰና!» አሉ። «አቤት» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም። ወጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ተነሽ» አሏት። «ሦስት ወር ልጄን ጠራሁት፤ ሦስት ወር አቤት አለኝ። ያላንቺ ከየት አገኘው ነበር?» ቢረግሟት ይቀላት ነበር።

ጠላት ከወጣም በኋላ ቦሰናን የጠራት ሁሉ ከአፏ አቤት የሚል ቃል አልሰማም፤ ዝም ብላ ብቅ ትላለች። አዲስ የመጡ ጎረቤቶች ኩራት ነው ይላሉ። እትዬ ሀረገወይን ግን አንድ ጊዜ ይጠሯትና መልስ ሳይጠብቁ አጥሩ ሥር ይቆማሉ።