ዓሣ «እርስዎ ይቅደሙ» አያውቅም

ሰው በማግባባት ኮሎምበስ ውስጥ እኔን የሚያህል የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ መኩራራት ብፈልግማ ሌላም ብዙ አለኝ። ብሌንደን ያለው አፓርትመንታችን ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት ከተጣላ መጥቶ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። እሺ፣ የሚፈልገው እናቴን ነው። ግን በሩን የምከፍተው እኔ ዙልፋ ነኝ፤ ግማሹን ነገር እዚያው በር ላይ እጨርሰዋለሁ።

ስለዚህ እህቴ ሃጀር ሃቢብን ላግባ ስትል፣ አባዬ ደግሞ እሺም እምቢም አልል ሲል፣ ነገሩን እኔ ያዝኩት።

ሃቢብ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ዲቪ ደርሶት መጣ፣ አሁን ካናል ዊንቸስተር አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ ሃጀር የወደደችው ለዚያ ነው መሰለኝ፣ እኔ ሌላ ምክንያት አላየሁም። በዊንተሩ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌው ጋሽ ገብረኪዳን ናቸው፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን አባዬ ከገዛ ወንድሞቹ ይልቅ የሚሰማው እሳቸውን ነው። በክብር ተቀበላቸው፣ ጋበዛቸው፣ በመጨረሻ «ላስብበት» አለ።

ከዚያ አሰበበት። በረዶው ቀለጠ፣ አሰበበት። ዒድ መጣ፣ ሄደ፣ አሰበበት። ሃጀር ከመክሳቷ የተነሣ ሱሪዋን በቀበቶ መያዝ ጀመረች።

«እምቢ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር» ትለኛለች ማታ ማታ። «እምቢ ያለ ሰው ይለመናል። የሚያስብን ሰው ምን ብዬ ልለምነው?»

እኔ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ሃቢብ ቤታችን በመጣ ቁጥር ደረጃው ላይ አስቁሜ ትምህርት እሰጠው ነበር። «አባዬ የሚለውን ሁሉ እሺ በል። ቢሳሳትም ልክ ነዎት በል። ከሱ በፊት እንዳትቀመጥ፣ ከሱ በፊት እንዳትስቅ።» ሃቢብ ደግሞ ጎበዝ ተማሪ ነው። አባዬ «በረዶ መጥረግ ለልብ ጥሩ ነው» ሲለው «ልክ ነዎት ጋሼ» ይላል። በሳምንቱ አባዬ «በረዶ መጥረግ ልብ ይገድላል» ሲለው «በትክክል» ይላል። እኔ በልቤ አጨበጭብለታለሁ።

የዓሣውን ነገር ያመጣሁትም እኔ ነኝ። አባዬ አንድ ድክመት አለው። ከኤርፖርት ሥራው ሲገባ ሶፋው ላይ ይዘረጋና በስልኩ ፈረንጆች ዓሣ ሲያጠምዱ ያያል። «ልቀቅለት! አሁን ጎትት! አይ ሞኝ!» እያለ ይመክራቸዋል። በዕድሜው አንድ ዓሣ ይዞ አያውቅም። «ባሕር ውሰደው» አልኩት ሃቢብን፤ ሃቢብም ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ግማሽ ቀን ቡክ አደረገ። ከአራት እንግዳ በላይ የማትጭን ጀልባ፣ ከነካፒቴኗ፣ ከዳር ሳይርቁ የሚያጠምዱባት። አራቱ እንግዶች አባዬ፣ ሃቢብ፣ ጋሽ ገብረኪዳንና አስተርጓሚዋ እኔ ነን። ሃጀር እንዳትመጣ እናቴ ከለከለች። «አባቷ ገና መልስ ሳይሰጥ ከልጁ ጋር ጀልባ ላይ ልትሳፈር ነው?»

ፈጅር ተሰግዶ ተነሣን፤ ቀኑን ሙሉ ተነዳ። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ስለነበር ጋሽ ገብረኪዳን አንድ ከረጢት ሙዝ ይዘው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወደቡ ላይ ካፒቴኗ ገና ሙዙን ስታይ ሁለት እጇን አነሣች። ሊንዳ ትባላለች፤ ፀሐይ የጠበሳት፣ ድምፅዋ እንደ ሞተር የሚያጓራ ሴትዮ ናት። ሙዝ ጀልባ ላይ ከወጣ ዓሣ አይያዝም፣ እዚሁ ይቅር አለች።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ገብረኪዳን።

«ሙዝ በጀልባ ክልክል ነው አለች።»

«እሷም የምትጾመው ነገር አላት ማለት ነው» አሉና ሙዙን በአክብሮት መኪና ውስጥ መለሱት።

ውሃው በቄጠማ መካከል ይሄዳል፤ ዓይን እስኪደክም ማንም ያልጎዘጎዘው ቄጠማ። አባዬ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። «እውነትም ጨው ነው» አለ፣ እንደ ልጅ። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቷል። ለሃጀር ቴክስት አደረግኩላት፤ «አባዬ ባሕሩን ቀመሰው።» ወዲያው መለሰች፤ «ከሃቢብ ጋር አወራ?» «ሊያወራ ነው» አልኳት።

ካፒቴን ሊንዳ መንጠቆዎቹ ላይ ሽሪምፕ እየሰካች ጣለች፤ ዘንጎቹን ጀልባው ጠርዝ ላይ ተከለቻቸው። ዘንግ ሲጎብጥ ቅርብ ያለው ሰው ያንሣ፣ ቶሎ ያንሣ አለች። ተረጎምኩ። ከዚያ ሃቢብን ጠጋ ብዬ የራሴን ጨመርኩለት። «አንተ እጅህን ሰብስብ። አባዬ ይቅደም።»

ብዙም አልቆየን። በአባዬና በሃቢብ መካከል ያለው ዘንግ እጥፍ አለ። አባዬ እጁን ዘረጋ።

«ጋሼ፣ ይቅደሙ» አለ ሃቢብ።

ምነው ዝም ባለ! አባዬ ያንን ቃል ሲሰማ የዘረጋትን እጅ ሰበሰባት። ወሎዬ ነዋ። «ኧረ በአላህ! ያመጣኸን አንተ፣ እንዴት ብዬ እቀድምሃለሁ?»

«አይሆንም ጋሼ፣ ታላቅ እያለ?»

«ታላቅማ ከሆነ ጋሽ ገብረኪዳን አሉ። ጋሼ፣ ይምጡ፣ ይቅደሙ!»

«እኔ ጾመኛ ነኝ» አሉ ጋሽ ገብረኪዳን እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው። «እናንተው ተያዩ።»

«ዘንጉ! ዘንጉ!» አለች ካፒቴኗ።

«ዘንጉን አንሡ ትላለች» አልኩ።

«ሰምተናል። አንዴ እስክንስማማ ትታገሠን በያት» አለ አባዬ፤ «በል ልጄ፣ በሞቴ፣ አንተ ቅደም።»

ዘንጉ ቀና አለ። ዓሣው ሽሪምፑን በልቶ ሄደ። ሁለቱም ቀና ያለውን ዘንግ እያዩ «አየህ፣ ብትቀድም ኖሮ» «አይ ጋሼ፣ እርስዎ ቢቀድሙ ኖሮ» ተባባሉ።

ካፒቴኗ እየተጣሉ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ እየተከባበሩ ነው፣ እኛ ቤት በር ላይም እንዲሁ ነው አልኳት። ዓሣ በር አይደለም አለችኝ።

ሁለተኛውም እንዲሁ ሄደ። ለሦስተኛው አባዬ ጭራሽ ከወንበሩ ተነሥቶ ለሃቢብ ቦታ ለቀቀ፣ ሃቢብም ተነሥቶ ለአባዬ ለቀቀ፤ ዘንጉ አጠገብ ማንም የለም። ካፒቴን ሊንዳ ኮፍያዋን አውልቃ ራሷን አከከች፤ ባሕሩ እየሸሸ ውሃው እየጎደለ ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ቀረን አለች። ሞተሯን አስነሥታ ወሰደችን።

አባዬ ከኋላ ከጋሽ ገብረኪዳን ጋር ተቀመጠ። እጁን አየሁት፤ ጉልበቱ ላይ ሆኖ የሌለ ክር ያጠነጥናል። ሃጀር ደግሞ ስልኬን አላስቀመጥ አለችው፤ «ሳቀ?» «ምን አለው?» «አንቺ!» ስልኩን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

የሞተሩ ድምፅ ንግግሩን የሚሸፍንለት መስሎት ነው አባዬ የተናገረው። እኔ ግን ጆሮ አለኝ።

«እኔ ልጁን ጠልቼው አይደለም፣ ጋሽ ገብረኪዳን። አላውቀውም! ስንት ጊዜ ቤቴ መጣ? ከእሺና ከልክ ነዎት ሌላ አንድ ቃል አውጥቶ አያውቅም። ለኔ እሺ ያለ፣ ነገ ሌላው መጥቶ ክፉ ቢመክረው እሱንም እሺ ይላል። ታዲያ ልጄን ለማን ነው የምሰጠው? ለእሺታ?»

ጋሽ ገብረኪዳን ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ፤ ለምን እንዳዩኝ አላውቅም። ጆሮዬ ጋለ።

ጀልባዋ ስትቆም ሃቢብን በዓይኔ ጠቀስኩት። «ተው፣ ተናገር» ማለቴ ነበር። እሱ ያስተማርኩትን እንዳይረሳ የማሳስበው መስሎት ራሱን ነቀነቀና እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተተ። እንደገና ጠቀስኩት። ከንፈሩንም ገጠመ።

በዚህ ጊዜ ካፒቴን ሊንዳ ትዕግሥቷ አልቆ ነበር። ዘንጉን አልተከለችውም፤ መጥታ አባዬ እጅ ላይ አስቀመጠችው፣ ጣቶቹንም አንድ በአንድ አጠፈችለት። አባዬ «ቢስሚላህ» ብሎ ገና ሳይጨርስ ዘንጉ ውሃ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው።

አቤት! ያ ሁሉ ሶፋ ላይ የተሰጠ ምክር የት ገባ? አባዬ በሁለት እጁ ጎተተ። ዓሣው ጎተተው። ተንበረከከ። ክሩ እየተፈታ ሲያፏጭ ግራ ገብቶት በባዶ እጁ ሊይዘው ዘረጋ። ካፒቴኗ በእንግሊዝኛ ትጮሃለች፣ እኔ መተርጎም ጠፋብኝ፣ ሃቢብ ብብቱን አቅፎ እኔን ያያል። እኔን! ሁልጊዜ ፈቃድ የሚጠይቀው እኔን ነው እኮ። አፌን ልከፍት ስል እሱ አልጠበቀኝም።

«ልቀቅ!» ብሎ ጮኸ። «ክሩን አትያዝ፣ እጅህን ይቆርጥሃል!»

አባዬ ዞር አለ። «እኔን ነው?»

«አዎ፣ አንተን! ተነሥ! ዘንጉን ወደ ላይ! አታጠንጥን፣ ይሩጥ፣ ይድከም! … አሁን! አሁን አጠንጥን! ቶሎ በላ ሰውዬ!»

ሰውዬ። አባቴን ሰውዬ አለው። ለሃጀር የሠርግ ልብስ ሳይሆን ሶፍት የምገዛላት መሰለኝ።

«አትጩህብኝ!» አለ አባዬ፣ እያጠነጠነ።

«ታዲያ ጮኼ ይያዝ ወይስ ዝም ብዬ ይሂድ?»

«ጩህ!» አለ አባዬ። «ጩህ፣ ጩህ! አሁንስ ምን ላድርግ?»

ሃቢብ ከኋላው ቆሞ በላይፍ ጃኬቱ ማሰሪያ ያዘው፣ ውሃ እንዳይገባ። እንዲህ እየተጯጯሁ፣ አንዱ ሌላውን ደንቆሮ እያለ፣ ካፒቴኗ ከመረቧ ጋር ጠርዙ ላይ ተጎንብሳ፣ ዓሣው ወጣ። ቀለሙ የመዳብ ምጣድ ይመስላል፣ ጭራው ላይ እንደ ዓይን ያለ ጥቁር ነጥብ አለው። አባዬ አቀፈው። ልጋጉ ሸሚዙን በሞላ ነካው፤ ግድ አልነበረውም፣ ይስቃል።

«ከየት ተማርክ?» አለው ሃቢብን፣ ትንፋሽ አጥሮት።

«እርስዎ የሚያዩትን ቪዲዮ ሁሉ አይቻለሁ» አለ ሃቢብ፤ እርስዎ ተመለሰች። «ስመጣ የምናወራው እንዲኖረን ብዬ።»

«ታዲያ ለምን አላወራኸኝም?»

ሃቢብ እኔን አየኝ። እኔ ቄጠማውን አየሁ። ከአባዬ በላይ አወቅኩ እንዳትል ብዬ የከለከልኩት እኔ ነበርኩ፤ ግን ይህን አሁን ማንሣት ለማንም አይጠቅምም።

ካፒቴን ሊንዳ ዓሣውን ለካችና ራሷን ነቀነቀች። ሕጉ ትንሹንም ትልቁንም መልሱ፣ መካከለኛውን ብቻ ውሰዱ ይላል፤ ይህ ደግሞ በጣም ትልቅ ነው። ስተረጉምለት የአባዬ ፊት ጠቆረ።

«ይህን ያህል ታግዬ? ለኮሎምበስ ሰው ምን አሳያለሁ?» አለ። ከዚያ ድምፁን ቀንሶ ወደ ሃቢብ ዘወር አለ። «ሴትዮዋ ወዲያ ስትዞር … በረዶ ሳጥኑ እኮ ይበቃዋል። አንተስ ምን ትላለህ?»

እሺ ይላል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አይሆንም ጋሼ» አለ ሃቢብ። «ሕግ ነው። ደግሞ እየደከመ ነው፣ ቶሎ እንመልሰው።»

አባዬ ዓሣውን ወደ ጠርዙ አመጣው። ከዚያ ሁለቱ ተንበርክከው አንዱ በጭራው አንዱ በሆዱ ይዘው ውሃው ውስጥ አቆዩት። ዓሣው አንዴ ጭራውን መታ፤ ሁለቱንም ፊታቸውን አጥቧቸው ሄደ። አባዬ እጁን ከውሃው ሳያወጣ ተናገረ።

«ጋሽ ገብረኪዳን፣ ያንን ነገር አስቤበታለሁ።»

«እህስ?»

«ልጁ አፍ አለው። ቀን ይቆረጥ።»

ሃቢብ ሳቀ፤ እጁ እርጥብ ስለነበር አፉን አልሸፈነም።

አንድም ዓሣ ሳናመጣ ተመለስን። ዌስት ቨርጂኒያን በሙሉ አባዬና ሃቢብ ስለ ክር ውፍረት ሲከራከሩ፣ ጋሽ ገብረኪዳን ሙዛቸውን ሲበሉ አለፍን። ፓርኪንጉ ውስጥ ሃጀር ነጠላ ጫማ አድርጋ ቆማ ጠበቀችን። ሃቢብ ከጋዝ ስቴሽን ደውሎ ሁሉንም ነግሯት ኖሯል፤ ዓይኗ አብጧል፣ ግን የሳቅ ነው። አባዬ ግንባሯን ሳማት፣ ሸሚዙ ገና ይሸታል።

እስኪገቡ ጠብቄ ወገቤን ይዤ ፊቷ ቆምኩ።

«በይ አመስግኚኛ! ባሕር ውሰደው ያልኩት እኔ። ያስተረጎምኩት እኔ። ያን ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሠለጠንኩት እኔ! ለኒካሑ ስሜ በማይክራፎን ካልተጠራ አልመጣም።»

ሃጀር ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንቺ ባትገቢበት ኖሮ» አለችኝ «ባለፈው ዒድ አግብቼ ነበር።»