ሮዳስ ሪፈር ስትጽፍ

ሮዳስ ወደ አዋላጅነት ሥራዋ ስትመለስ፣ በዓለም ገና ከተማ ከእኔ በላይ የጮኸ ሰው አልነበረም። ሱሪ ሊለካ ሱቄ የገባ ሰው እንኳ ወሬውን ሳይሰማ አይወጣም። ያን ጊዜ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩና «እኔንም የምታዋልደኝ እሷ ናት» እያልኩ አወራሁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ዘጠነኛው ወር ሲገባ ፈራሁ።

ሮዳስ ከሆሳዕና መጥታ ሱሉልታ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ትሠራ ነበር። እዚያ አንዲት እናት በእጇ ሞተችባት። ሙያዋን እርግፍ አድርጋ ትታ መጣችና እኛ ግቢ ተከራየች፤ አራት ዓመት ከእኔ ጋር ልብስና ጫማ ሸጠች። ጎበዝ ሻጭ ናት፤ ግን «የለም» ማለት ሞቷ ነው። አርባ ቁጥር ጫማ ለጠየቃት ሰው ሠላሳ ዘጠኝ ካላጠለቅህ ብላ ትሟገታለች። ስለ ሟቿ አንድ ቀን ብጠይቃት «ዕድሏ ነው» ብላ ፊቷን አዞረች።

«ተመለሺ፤ የተማርሽው ሱሪ ለማጠፍ ነው እንዴ?» እያልኩ የጨቀጨቅኳት እኔው ነኝ። አሁን ደግሞ እኔው ልሸሻት ነው። ለባለቤቴ ለሙአዊያ ነገርኩት።

«ለሰው ሲሆን ጎበዝ ናት፤ ለራስሽ ሲሆን ታስፈራሻለች?» አለኝ።

«ወላሂ አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነው። አምስት ወር ሙሉ ያመሰገንኳት ከልቤ ይሁን ከአንገት በላይ፣ ለራሴም ግራ ገባኝ።

እግሬ ማበጥ ሲጀምር ሮዳስ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ በር ላይ ዘበኛውን አገኘሁት።

«አከም ጅርታ ራቢአ!» አለኝ፤ በኦሮምኛ እንዴት ነሽ ማለቱ ነው።

«ፈያ ኦቦ ሊቤ። ሮዳስ እረፍቷ መቼ ነው?»

«ሰኞ። ምነው፣ ምሳ ልትጋብዣት ነው?»

«አዎ» ብዬ ዋሸሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ግን ስመለስ መንገዱን ሙሉ አፈርኩ።

ሰኞ ጠዋት በባጃጅ ሄድኩ። የምርመራ ክፍሉን በር ስከፍት፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ የተቀመጠችው ሮዳስ ናት። የሥራ ባልደረባዋ ለቅሶ ስለሄደች እሷን ተክታ ገብታለች።

«ራቢ! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እንዲሁ… እግሬ አብጦ።»

የደም ግፊቴን ለካችኝ። ትንሽ አሳረፈችኝና እንደገና ለካች። ራሴን ያመኝ እንደሆነ፣ ዓይኔን ብዥ ይለኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለቱም አሉ። ሽንቴን አስመረመረች። እኔ የምጠብቀው የድሮዋን ሮዳስ ነው፤ «ምንም አይደል፣ እኔ አለሁልሽ» የምትለዋን። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀት ሳበች።

«እዚህ አትወልጂም። ሪፈር ልጽፍልሽ ነው፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ትሄጃለሽ።»

እኔው ልሸሻት የመጣሁት ተናደድኩ!

«አንቺ እያለሽ?»

«እኔ እያለሁማ ነው የምልክሽ። ግፊትሽ ከፍተኛ ነው። ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግሽ እዚህ የለም።»

«አልችልም እያልሽኝ ነው?»

«አዎ። ይሄንን አልችልም።»

አራት ዓመት አብሬያት ስኖር ይህች ቃል ከአፏ ስትወጣ ሰምቼ አላውቅም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ስለዚያች ሴትዮ ጠይቀሽኝ ነበር። ያለምወርቅ ነው ስሟ። ግፊቷን አይቻለሁ፣ ራቢ። ብልካት ‘አቃታት’ ይሉኛል ብዬ ያዝኳት። እዚህ ሳይቀጥሩኝ በፊት ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ። ላንቺ ግን መንገር አቃተኝ።»

ይህን ከሳምንት በፊት ብትነግረኝ እግሬ አውጪኝ እል ነበር። አሁን ግን የጋዋኗን እጅጌ ይዤ አልለቅም አልኩ። መፍራቴ ነው፣ ማመኔ ነው? አለየልኝም።

«እኔም ልንገርሽ፤ ዛሬ የመጣሁት አትኖሪም ብዬ ነው።»

ከንፈሯን ነከሰች። ከፋት፣ አይቻለሁ። ግን እስክሪብቶዋን አንስታ ጽፋ ጨረሰች።

አምቡላንሱ ሲመጣ «አብረሽኝ ነይ» ብዬ አለቀስኩ።

«ውስጥ ምጥ ላይ ያለች ሴት አለች። ለሙአዊያ ደውያለሁ፤ እዚያ ይጠብቅሻል።» ወረቀቱን አብራኝ ለምትሄደው ነርስ ሰጠች፣ ጉንጬን ሳመችኝና ገባች። ዞራም አላየችኝ።

ሴት ልጄ ከሰዓት በኋላ በኦፕራሲዮን ተወለደች። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለታችንም ደህና ነን።

በማግስቱ ሮዳስ አጥሚት ይዛልኝ መጣች። ልጅቷን ታቀፈቻት። እኔ ደግሞ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ አድሯል።

«የያለምወርቅ ልጅስ?» አልኳት።

«ተርፏል። አምስት ዓመቱ ነው። ሱሉልታ ከአያቱ ጋር ነው።» ዓይኗን ከልጄ ላይ አላነሳችም። «አያትየው እውነቱን አያውቁም። ሄጄ ልነግራቸው እፈልጋለሁ፤ ታክሲ ተራ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመልሻለሁ።»

ቢሰድቧትስ? ቢከሷትስ? ሂጂ ማለት ይሻላል ወይስ ተዪው?

«ቁስሌ እስኪደርቅ ጠብቂኝ» አልኳት። «አብረን እንሄዳለን።»

ሮዳስ ልጄን መለሰችልኝና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።