የጀልባው ፊት

ፕሮፌሰር ተክለብርሃን ስለ ወንዝ ያስተምሩናል። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ክፍላችንን አዋሽ ወስደው በጎማ ጀልባ ሊያስቀዝፉን ቃል ገብተው ነበርና፣ ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሰሚት ተሰብስበን ሚኒባስ ተሳፈርን።

ከሁሉም በላይ የጓጓሁት እኔ ነኝ። ቦሌ፣ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ስዋኝ ነው ያደግኩት፤ ከክፍላችን ዋና የምችለውም እኔ ብቻ። ከጀልባው ፊት እንደምቀመጥ ሳምንቱን ሙሉ ስፎክር ሰነበትኩ። ጓደኛዬ ያሕያ «ሀጀር፣ አዋሽ ራሱ ፈርቶሽ መንገድ ይለቃል» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ወንዙ ዳር ደርሰን የጀልባው መሪ ሊባን «ፊት ማን ይቀመጣል?» ሲል ግን፣ ልጆቹ በአንድ አፍ «ፕሮፌሰር እያሉማ እኛ ፊት አንቀመጥም» አሉ። እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ካለ ፊት የሚለቀቀው ለእሱ ነው፤ ታክሲም ይሁን ሠርግ ቤት። የጎማ ጀልባ ላይ ግን ፊት የክብር ቦታ አይደለም። ማዕበሉ መጀመሪያ የሚያላጋው እዚያ የተቀመጠውን ነው። ሊባን ይህን አስረድቶን ነበር፤ ማን ሰማው?

ተናደድኩ። ቦታዬን ብዬ ልከራከር ዞር ስል የፕሮፌሰርን ፊት አየሁ። ወደ ታች፣ ውሃው ከድንጋይ ጋር እየተላተመ አረፋ የሚደፍቅበትን ቦታ ያያሉ። የላይፍ ጃኬታቸውን ዘለበት ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ፣ መልሰው ይዘጋሉ። ፈርተዋል። ልቅር እንዳይሉ ደግሞ ጠዋት «እኔ እያለሁ ምን ያስፈራችኋል?» ብለው ያደፋፈሩን እሳቸው ናቸው። አሳዘኑኝ።

«ፕሮፌሰር፣ እኔ ፈርቻለሁ» አልኩ ሁሉም እንዲሰማ። «መሃል ላይ ከጎኔ ይቀመጡልኝ፤ አለዚያ አልገባም።»

ልጆቹ ሳቁ። ያሕያ «ፈሪ ለናቱ» አለና ፊት ሄዶ ተሰየመ። ፕሮፌሰር መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። አረፋው ውስጥ ስንገባ ክንዴን ጨብጠው ያዙ፤ እኔም አጥብቄ ያዝኳቸው። ያሕያ አፉ እስኪሞላ ውሃ ጠጣ። ከዚያ ወንዙ ሰፋ፣ ረጋ፣ የወፎች ድምፅ ይሰማን ጀመር።

ስንመለስ መንገዱን ሁሉ መሳቂያ ሆንኩ። «የገንዳ ጀግና» የሚል ስምም ወጣልኝ። ያናደዱኝ ግን እነሱ አይደሉም፤ ፕሮፌሰር ናቸው። አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ። የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ብቅ ሲሉ፣ ለሰው ማሰብ ትርፉ ይሄ ነው እያልኩ በሆዴ እብሰለሰል ነበር።

ሲኤምሲ ላይ ሚኒባሱ ለእሳቸው ቆመ። ተነሡ፤ ግን አልወረዱም።

«ያሕያ፣ የፈራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ወንዝ ሳስተምር ኖሬ ዋና አልችልም። ይህች ልጅ አይታኝ ነው የሸፈነችልኝ። እኔ ግን እስካሁን ስትሰድቧት ዝም አልኩ።»

ያሕያ አንገቱን ደፋ።

ፕሮፌሰር ወደ እኔ ዞሩ። «ሀጀር፣ ዋና ታስተምሪኛለሽ?»

ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ዕንባዬ መጣ። «ቅዳሜ ይምጡ» አልኳቸው። ሳይሰሙኝ ቀሩና እንደገና አልኩ።