ከፎቶው ግርጌ

በለጠች የዓይኗ ሞራ ከተገፈፈላት አሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር። ሐኪሙ ሲሸኛት አጥብቆ የነገራት እንዳታጎነብስ፣ እንዳታሸው፣ እንዳታለቅስ ነው። ስለ ማጎንበሱና ስለ ማሸቱ ተጨነቀች እንጂ ስለ ልቅሶው አላሰበችበትም። ምን ያስለቅሳታል? ስድስት ዓመት ሙሉ በጭጋግ ውስጥ ስትዳብስ ኖራ፣ አሁን ከደጃፏ ሆና ማዶ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ስልክ ቁጥሩን ሳይቀር ታነባለች።

ባሏ ወልደ ማርያም የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። በኦፕራሲዮኑ ማግስት፣ ፋሻዋ እንደተፈታ፣ «የጡረተኞች ማኅበር ጠርቶኛል» ብሎ ናዝሬት ሄዶ አምስት ቀን ከረመ። ሲመለስ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ድምፁ ሻክሮ ነበር። «ብርድ መታኝ» አለ። ድሬ ዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው የትም ቢሄድ ይበርደዋል ብላ ዝንጅብል አስፈላችለት።

የሚከነክናት የበኩር ልጇ የኒቆዲሞስ ዝምታ ብቻ ነበር። ኒኮ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ትዳሩን ናዝሬት መሥርቶ ጅቡቲ ወደብ ይመላለሳል። ድሬ ጎራ ባይል እንኳ ሳይደውልላት አያድርም ነበር። ታናሽ እህቱ ዮርዲ «ወደብ ላይ ወረፋ ይዞ ነው፤ ስልኩም ወድቆ ተሰብሮበታል» አለቻት። ወልደ ማርያም ደግሞ በየቀኑ ቀትር ላይ ወደ ግቢው በር ወጣ ይልና ሲመለስ፣ «ኒኮ በሰው ስልክ ደውሎ ነበር፤ ሰላም በልልኝ አለ» ይላታል።

«ታዲያ ለምን አላገናኘኸኝም?»

«ተኝተሽ መስሎኝ» ይላል አንድ ቀን። ሌላ ቀን ደግሞ «ሒሳብ አለቀበት»።

በዚያ ሐሙስ ረፋድ ላይ ዮርዲ የእናቷን የዓይን ጠብታ ልትገዛ ወጣች። ከምትሠራበት የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ፈቃድ ወስዳ፣ በቀን አራት ጊዜ እጇን በሳሙና እየታጠበች ጠብታውን የምታደርግላት እሷ ናት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ የበለጠች ስልክ ጮኸ። ዮርዲ የሁለት ብልቃጥ ፎቶ ልካለች፤ በድምፅም «እማዬ፣ ተምታታብኝ፤ ያለቀብሽ የቱ ነው? ነጭ ክዳኑ ነው ሰማያዊው?» ብላለች።

በለጠች ስልኩን አራቅ አድርጋ አየች። ነጩ ነው። ልትመልስላት ስትል ከብልቃጦቹ በታች ያለውን አስተዋለች። ፎቶው ከወገቡ በታች ሌላ ፎቶ ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ድንገት ቁርጥ ይልና ከሥሩ አፈር፣ የቆሙ ሰዎች እግር፣ ነጭ ነጠላ ይታያል። የነጠላው ጥለት እንደ ሐዘን ቤት ወደ ላይ ዞሯል። ዳር ላይ ቡናማ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ቆሟል፤ ከደረቱ በላይ ተቆርጦ ፊቱ የለም። የክርኑን መጣፊያ ግን አወቀችው። ራሷ በዳበሳ የጣፈችው ነው፤ የክሩ ቀለም ከኮቱ ጋር እንደማይገጥም እንኳ ያየችው ዓይኗ ከበራ ወዲህ ነው። ከሽማግሌው አጠገብ አንዲት ሴት በመስታወት የተሸፈነ ትልቅ ምስል ደረቷ ላይ አቅፋለች። የምስሉም የታችኛው ግማሽ ብቻ ነው የሚታየው፤ የወንድ አገጭና የሸሚዝ ኮሌታ። አገጩ ላይ ጠባሳ አለ።

ኒኮ በሰባት ዓመቱ ለገሃር ከቆመ ፉርጎ ላይ ሲዘል አገጩ ተሰንጥቆ ነበር።

ስልኩን ጉልበቷ ላይ ደፋችው። ቆይታ አነሳችውና «ነጩን» ብላ ላከች።

ከዚያ ማምለጫ ፈለገች። ያልጠና ዓይን ያሳስታል። ስልክም ይዋሻል፤ ያልተደረገውን እንደተደረገ አስመስሎ ፎቶ የሚሠራ ነገር እንደመጣ የነገረቻት ዮርዲ ራሷ ናት። ወልደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አልተመለሰም። ጥቁር መነጽሯን አድርጋ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣችና ባጃጅ አስቁማ «ቀፊራ» አለች።

ቀፊራ ገበያው ጥግ ላይ ስልክ የምትጠግነው ናስቲሆ የዮርዲ አብሮ አደግ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ በለጠችን በሶማሊኛ «ሆዮ» ትላታለች፤ እናቴ ማለቷ ነው። ስታያት ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ሆዮ! በዚህ ፀሐይ፣ በዚህ ዓይንሽ ብቻሽን? ዮርዲስ?»

«ይቺን ፎቶ እዪልኝ። ከሥር ያለው ከየት መጣ? ስልኩ ከራሱ ፈጥሮት ነው?»

ናስቲሆ መጀመሪያ ያየችው ፎቶው የተቆረጠበትን መስመር ብቻ ነበር። የሙያዋ ነገር ነውና ፊቷ ፈካ አለ።

«ውይ፣ ይሄ የታወቀ በሽታ ነው! የዮርዲ ስልክ ያ አዲሱ ነው አይደል? በዚህ ሰሞን በሱ ስልክ ያልመጣብኝ የለም። አንዱ የሚሸጠውን ቴሌቪዥን ፎቶ ይልካል፣ ከሥሩ መታወቂያው ወጥቶ ይገኛል። አንዷ የሠርግ ልብሷን ልካ የላቦራቶሪ ውጤቷ አማቶቿ እጅ ገባ። ወላሂ፣ ሠርጉ ቀረ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ስልኩ ፎቶ ሊልክ ሲል ሜሞሪው ላይ ቦታ ይይዛል። እዚያ ቦታ ላይ ቅድም የታየ ሌላ ነገር አለ። መጀመሪያ ያንን ማጥፋት ነበረበት፤ ይሄኛው ሳያጠፋ ነው የሚጽፍበት። ያልተጠረገ ሰሌዳ በይው። አዲሱ ፎቶ ቦታውን ካልሞላው የቀድሞው ከሥር ተከትሎ ይሄዳል። ላኪዋ አታየውም፣ በሷ በኩል ፎቶው ደህና ነው። ኩባንያው አምኖ ማስተካከያውን አውጥቷል፤ አፕዴት ማድረግ ነው፣ አለቀ።»

«እንግዲያው ውሸት አይደለም።»

«ስልክ ከየት ያመጣል? ዮርዲ ትንሽ ቀደም ብላ ስታየው የነበረ ነገር...» ናስቲሆ ይህን እያለች ምስሉን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። አፈሩን አየች። ኮቱን አየች።

በለጠች ፊት ፊቷን ታያት ነበር።

«ከኢንተርኔት የመጣም ሊሆን ይችላል» አለች ናስቲሆ ቀስ ብላ። «ስንት ነገር ይዞራል...»

«ናስቲሆ።»

«ለቤክ፣ አቤት ሆዮ።»

«አንቺም ታውቂያለሽ?»

ናስቲሆ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች።

«ካለቀሰች ዓይኗ ይጠፋል አሉን። እሁድ ወንድምሽ ከሐረር ሲመጣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ ሊነግሩሽ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አፉን ይዟል፣ ሆዮ። አፉ በይኝ።»

«መቼ ነው?»

«ኦፕራሲዮን የሆንሽ ቀን። መተሃራ ላይ መኪናው ተገልብጦ። አልተሰቃየም አሉ።»

በማግስቱ ፋሻዋ ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው ወልደ ማርያምን ነበር። «ወልዴ፣ አርጅተህ የለም እንዴ!» ብላ ስቃበታለች። እሱም አብሯት ስቋል። ያኔ ያውቅ ነበር።

እሪ ልትል ነበር፤ እሪታው ደረቷ ላይ መጥቶ ቆመ። ዮርዲ ትዝ አለቻት። ወንድሟን ሳትቀብር የቀረችው የእናቷን ዓይን ስትጠብቅ ነው። ዛሬም መድኃኒት ቤት ተሰልፋ፣ የኒኮ ሚስት የላከችላትን የቀብር ፎቶ በስርቆሽ ስታይ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ የብልቃጥ ፎቶ አነሳች። መርዶውን በገዛ እጇ ለእናቷ እንደላከች ብታውቅ ምን ትሆናለች?

«ዮርዲ እንዳትሰማ» አለች። «በሷ ፎቶ መሆኑን ዕድሜ ልኳን እንዳትሰማ። ማዪልኝ።»

«ወላሂ ሆዮ።»

«ስልኳንም ዛሬውኑ አስተካክዪላት። ሌላ ምክንያት ፈልጊና ጥሪያት።»

ናስቲሆ ለዮርዲ ደውላ «ስልክሽን ይዘሽ ነይ፣ ቫይረስ ገብቷል እየተባለ ነው» አለቻትና፣ ጎረቤቷን ሱቁን አደራ ብላ በለጠችን በባጃጅ እስከ በሯ አደረሰቻት። የደቻቱን ወንዝ ሲሻገሩ ናስቲሆ እጇን ያዘቻት፤ እስከ ሰፈሯ እስከ ከዚራ አልለቀቀቻትም።

ወልደ ማርያም በረንዳ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«የት ሄደሽ ነው? ነፍሴን አወጣሻት እኮ!»

«ናስቲሆ ጋ። ስልኬ ድምፅ አልሰጥ ብሎኝ።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀትር ሆነ። ወልደ ማርያም እንደ ወትሮው ስልኩን ይዞ ወደ ግቢው በር ወጣ። ሌላ ጊዜ ፊቷን አዙራ ነበር የምትጠብቀው፤ ዛሬ በመስኮት አየችው። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ከንፈሩ ግን አይንቀሳቀስም። ለአንድ ወሬ የሚበቃ ጊዜ ያህል እንዲያ ቆመ። ከዚያ መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ጠረገ፣ ጉሮሮውን አጠራ፣ ገባ።

«ኒኮ ደውሎ ነበር» አለ።

«እህ።»

«ዓይንሽን ጠየቀ።»

«ምን አልከው?»

«ከኔ የተሻለ ታያለች አልኩት።»

እስከ እሁድ ዝም ልትል ወስና ነበር የገባችው። አሥራ አንድ ቀን ብቻውን የተሸከመላትን ሦስት ቀን አብራው ብትሸከም ምን አለበት ብላ። ያላሰበችው ጥያቄ ግን ከአፏ ወጣ።

«ድምፁ እንዴት ነበር?»

ወልደ ማርያም አልጋውን ተደግፎ ቀስ እያለ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ድምፁ...» አለ። «ደህና ነበር በለጡ። ድምፁ ደህና ነበር...»

ከዚያ በኋላ የወጣው ቃል አልነበረም። በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳር እንዲህ ሲያለቅስ ሰምታው አታውቅም። አጠገቡ ወርዳ ራሱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«አውቄያለሁ። ተወው በቃ፣ አውቄያለሁ።»

ሐኪሙ የከለከላትን አለቀሰች። ሁለቱም እስኪደክማቸው አለቀሱ። ቆይታ «ማን ገነዘው?» አለችው።

«እኔው። ፊቱ ምንም አልሆነም።»

«አፈር ጣልክለት?»

«ሁለቴ። አንዱን ያንቺ ብዬ።»

ፎቶውን አሳየችው፣ ናስቲሆ የነገረቻትንም ነገረችው። ወልደ ማርያም ብዙም አልገባውም፤ የዮርዲ ነገር ግን ወዲያው ገባው። ስልኩን ከእጇ ወስዶ ፎቶውን አጠፋው። ገና ከመሬት ሳይነሱ ዮርዲ ከቀፊራ ተመልሳ በሩን ከፈተች። የእናቷ ዓይን ደም መስሎ ስታየው የያዘችው የመድኃኒት ፌስታል ከእጇ ወደቀ።

«ማን ነገራት?»

በለጠች «ሆዴ ነገረኝ» ልትል ስትል ወልደ ማርያም ቀደማት።

«እኔ ነኝ። አፌ አልታሰር አለኝ።»

«አባዬ! ሦስት ቀን አቅቶህ ነው? ሦስት ቀን?» ዮርዲ ግድግዳውን ተደግፋ ጮኸች። «እኔ ወንድሜን ሳልቀብር የቀረሁት ለምን ሆነና?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ።

እሁድ ማለዳ ዘመድ መጣ፤ የተነገረ መርዶ ቢሆንም እንደ ወጉ ተለቀሰ። የበለጠች ወንድም ለቅሶው ጋብ ሲል በሰው ሁሉ ፊት ወልደ ማርያምን፣ «ሽማግሌ ሆነህ አንድ ምስጢር መያዝ አቅቶህ የእህቴን ዓይን ልታጠፋት!» አለው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ወልደ ማርያም። በለጠች ከሴቶቹ መካከል ተነስታ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ሰዉ ይቅርታ ያደረገችለት መሰለው። ሻይ ስታድል የነበረችው ናስቲሆ ብቻ ትሪውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች።

የበለጠች ቀኝ ዓይን አመርቅዞ ሁለት ሳምንት አሠቃያት፤ ሐኪሙ ተቆጥቶ አዲስ መድኃኒት አዘዘላት፣ ዳነም። ያልዳነው የአባትና የልጅ ነገር ነው። ዮርዲ ለአባቷ ምሳ ታቀርባለች፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች፣ ቃል ግን አትተነፍስም። በለጠች ስንት ጊዜ ልትነግራት አፏን ከፍታለች። ወልደ ማርያም ሁልጊዜ በዓይኑ ይገታታል። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እችለዋለሁ» ይላታል ብቻቸውን ሲሆኑ። «እሷ ግን ገና ብዙ ዘመን ይዛው ልትኖር ነው።»

ለአርባው ሦስቱም ናዝሬት ሄዱ። በለጠች መቃብሩ ላይ ተደፍታ አፈሩን በእፍኟ ዘገነች። ስትነሳ ዮርዲን ከአባቷ አጠገብ ቆማ አየቻት። ልጅቷ እየሳሳ የመጣውን የአባቷን ጸጉር፣ የሰፋበትን ኮሌታ ስታይ ቆየችና ክንዱን ያዘችው።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ አባዬ» አለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለ ወልደ ማርያም።

በለጠች በእጇ የቀረውን አፈር የልጇ መቃብር ላይ መልሳ በተነችውና፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።