ተኛ የተባለው ልብስ ሰፊ

ይህን ስነግራችሁ አንዲት ቃል ብዋሽ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ነገሩን ከባለ ታሪኩ ስድብ፣ ከሚስቱ ሳቅና ከወንድሙ ሐሜት አጣርቼ ነው ያመጣሁት፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ማንም ለመፍጠር አይበቃም።

ልብስ ሰፊው ሲወለድም ተቆጥቶ የወጣ ሰው ነው፤ አዋላጇን ገላምጧታል ይባላል። በልጅነቱ ሳይገረዝ ቀርቶ፣ የልጆች አባት ከሆነ በኋላ ሸለፈቱ እየጠበበ ይቆስልበት፣ ሽንቱ ሲወጣ ያቃጥለው ጀመር። ሐኪሙ “መገረዝ አለብዎት” አለው። አኩርፎ ገባ፣ አኩርፎ ተገረዘ።

ከክሊኒኩ ሲወጣ ነርሷ በሩ ላይ ያዘችው።

“ቤት ገብተው ጋደም ይበሉ። ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ለብሰው ወደ ላይ፣ ወደ እምብርትዎ አቅንተው ያስቀምጡት፤ ከተንጠለጠለ ያብጣል። በረዶ በፎጣ ጠቅልለው ጥቂት ጥቂት ያስይዙት። ትንሽ ማበጡ አይቀርም፣ ሲተኙ ይጎድላል። ክሩ ራሱ ሟሙቶ ስለሚወድቅ እንዳይነኩት። የስፌት መኪና ፔዳል ደግሞ በሕልምዎም እንዳይረግጡ!”

ተኛ። መኝታ ቤቱንና የስፌት ሱቁን የሚለያቸው አንድ ስስ ጣውላ ነው። ከጣውላው ወዲያ ታናሽ ወንድሙ ደንበኛ ያስተናግዳል። ይህን ወንድሙን ሰፈሩ ሁሉ “ሬዲዮ” ይለዋል፤ ልዩነቱ ሬዲዮ መዝጊያ አለው።

“ሰፊው የት ሄደ?” አለ አንድ ደንበኛ።

“ጋሼ? አስገርዘነው ተኝቷል! አላለቀሰም፣ ጎበዝ ልጅ ነው።”

“ታዲያ ጡጦ እንግዛለት?”

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ሰፊው እሳት ለበሰ፣ እሳት ጎረሰ። ቁስሉን ጨርቅ እንዳይነካበት ያጠለቀውን የሚስቱን ሰፊ ቀሚስ እንደለበሰ፣ እግሩን እንደ ኮምፓስ ከፍቶ ሱቁ ውስጥ ብቅ አለ። ሰዎቹ መሣቅም መሮጥም አማራቸውና ሁለቱንም ባንድነት አደረጉት።

“ውጣ!” አለው ወንድሙን። “ቀብረኸኛል እኮ በቁሜ!”

“ጋሼ፣ ነርሷ እኮ…”

“ውጣ ብዬሃለሁ!”

ከተነሣሁስ አይቀር ብሎ መኪናው ላይ ተቀመጠ። በንዴት ፔዳሉን እየደቃ እስኪመሽ ሰፋ። በዚያን ዕለት የሰፋው ሱሪ ዛሬም በመጎተት አይቀደድም ይላሉ።

ማታ ቀሚሱን ገልጦ ሲያይ ግን ክው አለ። ከስፌቱ በላይ ወፍራም፣ ውኃ የቋጠረ ቀለበት አብጦ እንደ አንገት ልብስ ተጠምጥሟል። ሌላ ሰው ቢሆን ነርሷን ያስታውስ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን ከአፍንጫው ከፍ አድርጎ በልብስ ሰፊ ዓይኑ መረመረው።

“ታዪዋለሽ?” አላት ሚስቱን። “ክሩን አጥብቆ ስቦታል! እንዲህ የሚያኮማትር ጀማሪ ነው። ይሄ ሐኪም እኔ ዘንድ ቢቀጠር ቁልፍ አላስተክለውም ነበር!”

“አንተ ሰውዬ፣ ሥጋ ነው እኮ፤ ካኪ አይደለም!”

“ስፌት ስፌት ነው። አንዷን ባላላት ይተነፍሳል።”

እሷ በረዶ ልታመጣ ዞር ስትል የክር መቀሷን አነሣ። ቀጭ! አንዲት ስፌት ብቻ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም። ደሙ ወረደ። ሚስቱ ንጹሕ ፋሻ አጣጥፋ፣ “ተጫን! እጅህን እንዳታነሣ!” እያለች በታክሲ ክሊኒኩ አደረሰችው። መንገዱን ሙሉ ሐኪሙን ረገመ።

ነርሷ አይታ ቀና አለች።

“ማን ቆረጠው?”

“እናንተ ናችሁ አጥብቃችሁ…”

“ማን ቆረጠው ነው ያልኩት!”

“እኔ።”

አንቱታው እዚያው ላይ ቀረ። “አንተ! እኔ ሱቅህ መጥቼ የሰፋኸውን ኮት ተርትሬብህ አውቃለሁ? ያሳበጠህ ክሩ መሰለህ? ፔዳሉ ነው! አንጠልጥለኸው ፔዳል ስትረግጥ ውለህ ውኃው ወዴት ይሂድልህ? ተኝተህ ቢሆን ዛሬ ጎድሎ ነበር። ሐኪሙ አሁን ይደግመዋል። ደግመህ ከተነሣህና ቁስሉ ከተከፈተ ግን ያመረቅዛል፤ ያኔ አንድ ስፌት አይደለም፣ እንደገና ቀዶ ጥገና ነው። ገባህ?”

ከእሱ የበለጠ የተቆጣ ሰው በዕድሜው አይቶ አያውቅም ነበር። ገባው።

በማግስቱ በጀርባው ተንጋሎ፣ በረዶው በፎጣ ተጠቅልሎ እንደተቀመጠለት፣ ከጣውላው ወዲያ የስፌት መኪናው ተነሣ። ታክ ታክ ታክ፣ ከዚያ ጭርርር። ትናንት ያባረረው ሬዲዮ ነው! ሰፊው በመርፌው ድምፅ ብቻ ሁሉን አወቀ፤ ክሩ ላልቷል፣ ከሥር እየተቋጠረ ነው፣ ጨርቁ ደግሞ የአንድ ጠበቃ ደንበኛው ውድ ሱፍ ነው።

“ጋሼ!” ሲል ጮኸ ወንድሙ። “የእጅጌው ፊቱ የትኛው ነው? ግድ የለም፣ በቃ ገጥሞልኛል!”

ደሙ ፈላ። አንድ እግሩን ከአልጋው አወረደ። ያን ጊዜ ግን ቁጣው የሚመታውና ቁስሉ የሚመታው ባንድ ልብ መሆኑን ሰማ፤ በተናደደ ቁጥር እዚያ ታች ድው፣ ድው ይላል። ጥርሱን ነከሰ። የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ ያወረደውን እግር እንደ ባዕድ እግር ጎትቶ መለሰው። መኪናው ጭርርር አለ። ሱፉ ቀጭ ተደረገ። እሱ ዝም ብሎ ተኛ።

እንግዲህ ዓይኔ ግንባር ሳይሆን አንዲት ነገር ልናዘዝ፦ ዝም አለ ያልኳት የኔ ፈጠራ ናት። ወንድሙን ከነዘር ማንዘሩ ሰደበው፤ ዘራቸው አንድ መሆኑንም ረስቶ። የሰደበው ግን እንደተኛ ነው።