ሙንጂ የደበቀው ትኩሳት

ሙንጂ በላዝሃር መቅናት የጀመረው ገና ሁለቱም ጢም ሳያበቅሉ ነው። በከርከና ደሴት ባሕሩም እንደ እርሻ ድንበር አለው፤ ዓሣ የሚጠመድበት የዘንባባ አጥር ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። የላዝሃር አባት አጥር ሞገዱ ዓሣውን እየነዳ የሚያመጣበት ቦታ ላይ፣ የሙንጂ አባት አጥር ደግሞ የባሕር ሣር ብቻ የሚሰበስብበት ላይ ተተክሎ ነበር። ቅናት፣ ልጆቼ፣ እንዲህ ካለ ነገር ይበቅላል።

ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ሁለቱንም የፕሮስቴት ካንሰር ያዛቸው። በየማለዳው በአንድ መርከብ ወደ ስፋቅስ ከተማ ተሻግረው፣ በአንድ የጨረር ማሽን ሥር በየተራ ይተኛሉ። የጀመሩት በአንድ ሰኞ፣ የታዘዘላቸውም እኩል ሠላሳ ሰባት ቀን። «በዚህ እንኳ እኩል ነን» አለ ሙንጂ በልቡ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ሽንቱ እንደ በርበሬ ያቃጥለው ጀመር። ውኃ በደንብ ጠጣ፣ ፊኛህ ሞልቶ ግባ ተብሏል፤ እሱ ግን ማቃጠሉን ፈርቶ ቀኑን ሙሉ ውኃ አይቀምስም፤ ተራው ሲደርስ ብቻ ይጋተዋል። ማቃጠሉ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። ሐኪሟ ዶክተር ሱንዱስ «ትኩሳት ከመጣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ንገሩኝ» ብላቸው ነበር። ቢናገር ግን ጨረሩ ይቋረጣል፣ ላዝሃር ቀድሞት ይጨርሳል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ እንዳያሳብቅበት መርከቡ ላይ ሁለት የትኩሳት ክኒን ዋጠ።

ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሙንጂ በካፖርት ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል።

«አንተ፣ ምንድን ነው የዋጥከው?» አለ ላዝሃር ከጎኑ።

«ምን አገባህ? ያንተን አጥር ጠብቅ!»

«ያንተማ ሣር ነው፣ ምኑ ይጠበቃል!» አለ ላዝሃር፤ ግን አልሳቀም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ ብትለካው ትኩሳት የለም። ሙንጂ እፎይ ሊል ሲል ላዝሃር ሐኪሟን አስከትሎ በሩ ላይ ቆመ።

«ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ እያታለለሽ ነው። ክኒን ሲውጥ አይቼዋለሁ። እንደ ተጠመደ ዓሣ እየተንፈራገጠ ነው የመጣው።»

«ቀናተኛ! ቀድመኸኝ ልትጨርስ ነው!»

ዶክተር ሱንዱስ የልብ ምቱን ዳሰሰች፤ ይጋልባል። ሽንቱን አስመረመረች።

«አባባ ሙንጂ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ነው። ወደ ደም ከገባ ይገድላል። የቀረው ጨረር መጨረሻ ላይ ይጨመራል፤ እርስዎ ከሞቱ ግን ማን ላይ እጨምረዋለሁ?»

በደም ሥሩ አንቲባዮቲክ እየገባለት ሳምንት ተኛ፤ አምስት የጨረር ቀን አለፈው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያሰበው ስለ በሽታው አይደለም፤ ላዝሃር ስንተኛው ላይ እንደ ደረሰ ነበር።

ላዝሃርም ጨረሰ። የደሴቱ ሴቶች ወደቡ ላይ እልል አሉለት፤ ሙንጂ ከኋላ ጥርሱን ነክሶ ወረደ።

በማግስቱ መርከቡ ላይ ሲወጣ፣ ላዝሃር ሁለት የውኃ ጠርሙስ ታቅፎ የተለመደው ቦታ ተቀምጧል።

«አንተ ጨርሰህ የለ? ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ብቻህን ከተተውክ ውኃ አትጠጣማ። እንካ፣ አምስት ቀን ነው የቀረህ።»

ሙንጂ ጠርሙሱን ተቀበለ። ደህናው አጥር የላዝሃር፣ ቀድሞ መጨረስ የሱ፤ አሁን ደግሞ ደግነቱም! እርር አለ።

ውኃውን ግን ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው፤ ላዝሃር የራሱን ገና ሳያጋምስ።