በቀኝ በኩል የሚያለቅሰው ጊታር

አባታችን ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰውንም በጨርቅ ነው የሚመዝነው። የሚያከብረው ሰው ሱፍ ነው፤ የሚንቀው ፖሊስተር። ታናሽ ወንድሜ ጊታር ካነሣ ጀምሮ ፖሊስተር ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ላይ አንድ ቀርፋፋ ብሉዝ ሲጀምር፣ አባቴ እግሩን ከስፌት መኪናው ላይ አንሥቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ድምፁን ከፍ ሲያደርገው ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

"ዝም በሉ!" አለ፣ ማንም ሳይናገር።

ጊታሩ አንዲት ኖታ ያዘ። ይዞም አልለቀቃትም። ሊናገር ብሎ ጉሮሮው ላይ እንደተናነቀው ሰው ሳግ በሳግ አወጣት፤ ከዚያ እያሻከረ፣ እየሰበረ፣ ወደ ታች ወሰዳት። ሲያልቅ ከአዳራሹ የሚሰማው ጭብጨባ እንኳ ዘግይቶ ነው የመጣው።

"እንዲህ ነው እንጂ!" አለ አባቴ። "ይሄ ሱፍ ነው። ያልተደባለቀ ሱፍ! ሟቹ ነጎድጓድ ነው አይደል? ነፍሱን ይማረው።" ከዚያ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ወደሚያገላብጠው ወንድሜ ዞረ። "አንተስ? ከዚህ ሰውዬ ጎን ይሄን ሁሉ ዓመት ቆመህ ምን ተማርክ? ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች ይባላል። አንተ ከፈረስ ጋር ውለህ አህያነትህን ይዘህ ተመለስክ!"

"እውነትህን ነው፣ አባዬ" አለ ወንድሜ። ደግሞ ፈገግ አለ።

ደሜን ያፈላው ፈገግታው ነው። ያን ሶሎ የተጫወተው እሱ ነበራ!

ነጎድጓድና ወንድሜ ለዓመታት በአንድ ባንድ ጎን ለጎን ቆመው ተጫውተዋል። ነጎድጓድ ስሙን ያገኘው በእጁ ነው። ፒክ በምትባለው ጥፍር የምታህል ፕላስቲክ ክሩን ይገርፈዋል፤ እግሩ ሥር የተደረደሩትን ድምፅ የሚለዋውጡ ፔዳሎች እየረገጠ አዳራሹን ያናውጠዋል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ጩኸት ያበዛ ነበር እንጂ ጥሩ ተጫዋች ነበር። ወንድሜን ደግሞ "ጭምቱ" ይሉታል። ወፍራም ክር ይወጥራል፤ ፔዳል አይነካም፤ ፒክ አይዝም፤ በባዶ አውራ ጣቱ ሥጋ ነው የሚመታው። ትንሿን የድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየሩን እስከ መጨረሻ ይከፍትና ጊታሩ ላይ ባለው ማዞሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል። ስለዚህ ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ከግድግዳ ማዶ እንደሚነጋገሩ ሰዎች። ሲነሣም አይጮኽም፤ ይሻክራል እንጂ።

ሁለቱ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። ከመድረክ ጀርባ ጊታር እየቃኙ ውሏቸውን ያወዳድራሉ። ቀኑ የከፋበት ሰው የመጨረሻውን ቀርፋፋ ብሉዝ ሶሎ ይወስዳል፤ ሌላው ያጅበዋል። ክርክራቸውን ብትሰሙ በሣቅ ትሞታላችሁ።

"እኔን ቤት አከራዬ ሰድቦኛል።"

"እሱ ምን አላት! እኔ በገዛ አማቴ ተረግሜ ነው የመጣሁት።"

"አማት መቼ መርቃ ታውቃለች? አይቆጠርም!"

አብዛኛውን ጊዜ የሚረታው ነጎድጓድ ነበር፤ ማማረር ያውቅበታል።

ያ በሬዲዮ የሰማነው ኮንሰርት የተቀረጸ ዕለት ግን ክርክር አልነበረም። በዚያን ቀን ጠዋት አባቴ ደንበኞቹ ቆመው ሱሪያቸውን በሚለኩበት ሰዓት፣ ወንድሜ የጊታር ሣጥኑን አንጠልጥሎ ሲወጣ ጠራው። "ሰው ሥራህን ሲጠይቀኝ ሞቷል እላለሁ" አለው። "ከዛሬ ጀምሮ አባቴ ብለህ እንዳትጠራኝ።" ሜትር አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ ነው ያለው። አባቴ በሳምንቱ ረሳው። የተናገረ ይረሳል፤ የተወጋ አይረሳም።

እኔ ሸሚዙን ይዤለት ከመድረክ ጀርባ ስገባ ወንድሜ ይህንኑ ለነጎድጓድ እየነገረው ነበር። ነጎድጓድ አልቀለደም። "ዛሬ ያንተ ነው" አለው። "እኔ እንዲህ ያለ ቀን እንዲኖረኝም አልፈልግም።" ከዚያ ወጥቼ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፤ ያን ሶሎ ከወንድሜ አውራ ጣት ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። ነጎድጓድ ጎኑ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የታመመ እንዳይነቃ እንደሚራመድ ሰው በቀስታ አጀበው።

የኮንሰርቱ ሲዲ ሳይወጣ ነጎድጓድ በጉበት በሽታ ሞተ። ሲዲው ወጣ። ውስጡ ባለው ማብራሪያ ላይ "በቀኝ በኩል የምትሰሙት ጊታር ነጎድጓድ ነው፤ በግራ የሚያጅበው ጭምቱ" ተብሎ ተጽፏል። ከተማው አበደ። አንድ ሀያሲ ነኝ ባይ በሬዲዮ ቀርቦ ምን አለ መሰላችሁ? "ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ይህ የፒክ ድምፅ አይደለም፤ የጣት ሥጋ ነው። ነጎድጓድ ሞቱን ስላወቀ በዚያ ምሽት ፒኩን ጥሎ በባዶ እጁ ተሰናበተን።" ሰውዬው እኮ ጆሮ አለው! ጆሮው እውነቱን በትክክል ነገረው። እሱ ግን ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት አምኖ ጆሮውን አስተባበለ፤ ለሚጠራጠር ሰው የሚያስለቅስ ተረትም ፈጠረለት። በዚህ አገር የሞተ ሰው ሁሉን ይችላል፤ በሕይወት ያለው ነው ማስረጃ የሚጠየቀው።

ወንድሜን እየጎተትኩ የድምፅ ባለሙያው ዘንድ ሄድኩ። መስኮት በሌለው፣ ግድግዳው በስፖንጅ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

"ቀኝ ማን ነው?" አልኩት፣ ሰላምታ ሳልጨርስ።

"ጭምቱ ነው። ምን ጥያቄ ነው?" ወደ ወንድሜ ዞረ። "አንተ አይደለህ እንዴ?"

"ታዲያ ሲዲው ላይ ለምን ነጎድጓድ ተባለ?"

ማብራሪያውን አንሥቶ አነበበ። ፊቱ ተለወጠ። "አሃ! እኔ ሁልጊዜ የማቀናብረው መድረኩ ላይ ቆሜ ሕዝቡን እንደማይ አድርጌ ነው፤ ተጫዋቹ በቆመበት። ይሄን የጻፈው ልጅ ግን የሽፋኑን ፎቶ ነው ያየው። ፎቶው የተነሣው ከሕዝቡ በኩል ነው፤ ስለዚህ ግራና ቀኙ ተገለበጠበት።"

"አልጠየቀህም?"

"እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል፣ እህት ዓለም? ሙዚቃው ሲያምር ዘፋኙ ነው፤ ሲበላሽ ነው ድምፁን የሠራው ማነው የሚባለው።"

አሳታሚው ጋ ሄድን። ለሙት ዓመቱ መታሰቢያ ሲዲውን እንደገና ሊያሳትመው ነው። ሁለት ስም ማቀያየር ነው፤ ሌላ ምንም አልጠየቅነውም። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። "እኔ በበኩሌ ምን ቸገረኝ?" አለ። "ግን የሟች ሚስት አለች። እሷ እሺ ካለች ነገ አስተካክለዋለሁ። ከሬሳ ላይ ልብስ ገፈፈ ከምባል ግን…"

"ልብሱ እኮ የወንድሜ ነው!"

"እሷን እሺ አሰኚያት።"

የነጎድጓድ ሚስት ቤቷ ከአንድ ፎቅ ጀርባ ነው፤ ንጹሕ፣ ጠባብ ክፍል። ወንድሜን ስታይ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ተቀመጥን። ትልልቅ የባሏ ስፒከሮች አሉ፤ አንደኛው ከወንበሯ ጎን ተጠግቷል፤ ሁለተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ ዞሯል።

ወንድሜ ያን አየ። "የግራውን ለምን አዞርሽው?" አላት።

"ምን ያደርግልኛል? እሱ እኮ አጃቢው ነው።" አፏን በእጇ ያዘች። "ውይ! ይቅርታ፣ ወንድሜ፣ አንተ ነህ ለካ። ክፉ ብዬ አይደለም። የእሱን ብቻ መስማት ስለምፈልግ ነው።"

ልናገር አፌን ስከፍት ወንድሜ ጉልበቴን ያዘ። እሷ ቀጠለች። "አንተ ታውቀዋለህ። ሰክሮ ይመጣል፣ ይሰብራል፣ ጠዋት ምንም እንዳልሆነ ጫማውን ያስራል። አንድ ቀን ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን! ይሄን ስሰማ ግን…" ስፒከሩን ነካችው፣ ልጅ እንደሚዳሰስ። "እዚህ ውስጥ እያለቀሰ ነው። ይቅርታ እያለኝ ነው። ይሄ ባይኖር አልምረውም ነበር።"

አሁንም ልናገር ነበር። አዎ! እውነት ለአንዷ ሐዘንተኛ ሲባል የሚሸሸግ ከሆነ፣ ሐዘንተኛ የሌለበት ቤት የት ይገኛል? ወንድሜ ግን ተነሣ።

"የግራውንም አንዳንዴ ስሚው" አላት። "እሱም ደግ ነው።"

ደጅ ስንወጣ "ምን ማለትህ ነው?" ብዬ ጮኽኩበት። "ባልሽ ያለው ወደ ግድግዳ ባዞርሽው ስፒከር ውስጥ ነው አትላትም? ያን ዕለት እንዴት አድርጎ እንዳጀበህ አትነግራትም?"

"እትዬ፣ ይቅር።"

"አይቀርም!"

"ለሷ ይሁንላት። እኔ ምን ጎደለብኝ?"

"አባትህ አህያ ሲልህ ምንም አልጎደለብህም?"

ፊቱን አዙሮ መንገዱን ቀጠለ። እኔ ግን ዝም ብዬ የምተኛ ሰው አይደለሁም። በማግስቱ ወንድሜ ልምምድ ላይ እያለ ሲዲውን ይዤ አባቴ ፊት ቆምኩ።

"አባዬ፣ ይሄን የተጫወተው ልጅህ ነው።"

"ሂጂ ወዲያ! የሙት ገንዘብ አትንኪ።"

"እኔ እዚያው ነበርኩ። ድምፁን የሠራውም ሰውዬ መስክሯል። እንግዲህ ስማ፤ ይሄ የፕላስቲክ ድምፅ ነው ወይስ የጣት? አንተ በጣትህ ነው የኖርከው።"

አስቀምጬ ከፈትኩለት። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ ሱፍ ከፖሊስተር ሲለይ ጨርቁን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል እንደሚያሸው፣ ባዶ ጣቶቹን እያሸ። የወንድሜን አውራ ጣት ያውቀዋል፤ የእሱን የመሰለ የደነደነ ነው። ሶሎው ሳያልቅ ዓይኑን ገለጠ። አመነ።

ለጥቂት ጊዜ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ፊቱ በራ።

"የኔ ልጅ?" አለ። "ግን ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?"

ነገርኩት። ቀኑን፣ ቆመው የሚለኩትን ደንበኞች፣ ሞቷል እላለሁ ያለውን፣ አባቴ ብለህ እንዳትጠራኝ ያለውን። አንዲት ቃል አልቀነስኩም።

መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገባ።

"እንግዲያው ለሟቹ ይሁን" አለ።

"ምን?"

"ለሟቹ ይሁን አልኩሽ! እሱ ያለቀሰው በራሱ ጉዳይ ነው። እኔን አይመለከተኝም።" መኪናውን አስነሣው፤ ከዚያ ወዲያ ያልኩትን ሁሉ ስፌቱ ዋጠው።

ወንድሜ ማታ ሲመጣ አባቴ ቀና ብሎ አላየውም፤ አልሰደበውምም። ወንድሜ ወዲያው ገባው። ጓዳ ገብቶ በሩን ዘጋብኝ።

"ማን ላከሽ፣ እትዬ?"

"ማን ይልከኛል? እውነቱን ነው የነገርኩት።"

"ለማን ብለሽ?"

"ላንተ ነዋ!"

"ለኔ ከሆነ ስሚኝ። አባዬ በዕድሜው አንድ ነገር ወዶልኝ ነበር። ስሜ አልነበረበትም፤ ግን ወዶት ነበር። እዚያ ጥግ ተቀምጬ መኪናውን አቁሞ ሲሰማኝ አየዋለሁ። በቃኝ ነበር። አሁን ስሜም የለበት፣ እሱም አልወደደው።"

ዛሬም ያልኩትን እላለሁ። በሐሰት ስም የሚበላ ፍቅር ልመና ነው፤ ወንድሜ ለማኝ እንዲሆን አላሳደግኩትም። አባቴ እውነቱን ሰምቶ ከጠላው ጥፋቱ የአባቴ ነው፤ የእኔም የእውነቱም አይደለም። ይህን ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ልብሱን በሻንጣ ከትቶ ባንዱ ከሚለማመድበት ቤት በላይ ያለች ክፍል ተከራየ።

የመታሰቢያው ኮንሰርት ደረሰ። አሳታሚው "የነጎድጓድን ሶሎ አንተ ብትጫወተው ምን ይመስልሃል?" ሲለው፣ ወንድሜ "እኔ ማጀብ ነው የምችለው" ብሎ መለሰለት። አንድ ጉልቤ ጊታር መቺ አመጡ፤ ሲዲውን ሲሰማ የከረመ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ። አባቴ አልመጣም። የነጎድጓድ ሚስት ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች፤ ሀያሲውም አለ።

ጉልቤው በፒክ ገረፈው። ያቺን አንዲት ኖታ ሊይዛት ሞከረ፤ ሥቃይዋን ስለማያውቅ ፈጥኖ ለቀቃት፤ ክፍተቱን በብዙ ኖታ ሞላው። ወንድሜ ጎኑ ቆሞ የራሱን ለቅሶ ሌላ ሰው ሲያለቅስለት በቀስታ፣ ሳይሳሳት፣ አጀበው። አዳራሹ በእንባ ታጠበ። ሀያሲው መሐረቡን አወጣ። "መንፈሱ እዚህ ነው!" አለ አንዱ ከኋላዬ።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ልጮኽ ነበር፤ ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ወንድሜ ከመድረኩ ላይ አየኝ። እጁ መምታቱን አላቆመም፤ ለሌላ ሰው በማይታይ ሁኔታ ራሱን ነቅንቆ አይሆንም አለኝ።

ተቀመጥኩ። ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ለነጎድጓድ አጨበጨበ። እኔ እጆቼን እግሮቼ መሐል ጨብጬ ያዝኳቸው።